«ግሉኮስ» ነው ያልሽኝ

(ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ የወረዳ ከተማ ሆስፒታል፤ አዋላጇ ሲስተር ምንትዋብ ከአንደኛው ክፍል ሌላ ሴት አዋልዳ ጓንቷን እያወለቀች ስትወጣ፣ በሚቀጥለው ክፍል ልጃቸው ስመኝ ምጥ ላይ ያለችባቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኮሪደሩ ላይ መንገድ ዘግተው ይጠብቋታል።)

አትጠገብ፦ አልቋል አልኩሽ እኮ! ሌላ ስቀይላት።

ምንትዋብ፦ እማማ፣ መንገዱን ይልቀቁልኝና እጄን ልታጠብ። ምኑ ነው ያለቀው?

አትጠገብ፦ ግሉኮሱ ነዋ! ከሥሩ ጭላጭ ብቻ ነው የቀረው። ከረጢቱ እንደ እኔ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ምንትዋብ፦ ሊያልቅ አይችልም። እስከ ማታ የሚያደርሳትን ነው የሰቀልኩላት።

አትጠገብ፦ እንግዲህ አለቀ። ከትናንት ጀምሮ እህል ባፏ አልዞረም። ጠምቷት ጠጣችው።

ምንትዋብ፦ በክንድ የሚገባ ነገር በጥም አይጠጣም። ይምጡ፣ ይከተሉኝ።

አትጠገብ፦ ሌላውን ሳትይዢ? ባዶ እጅሽን ገብተሽ ምን ልትሠሪ ነው?

ምንትዋብ፦ እየሮጥኩ ነው እማማ፣ አያዋሩኝ!

አትጠገብ፦ ጠዋት ቶሎ በይ ብልሽ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለሽ የተረትሽብኝ አንቺ አልነበርሽ? አሁን ሩጫው ከየት መጣ?

ምንትዋብ፦ ስመኝ! አይዞሽ እህቴ፣ ይኸው መጣሁልሽ። አይዞሽ… ይህችን ማን ነው የነካት?

አትጠገብ፦ የቷን?

ምንትዋብ፦ ይህችን! ቱቦው ላይ ያለችውን መዘውር። ዳር ድረስ ተከፍታለች።

አትጠገብ፦ እኔ እንጃ። የጽዳቷ ሴትዮ ስትወለውል ነክታት ይሆናል።

ምንትዋብ፦ ጽዳቷ ከጠዋት ወዲህ እዚህ አልገባችም።

አትጠገብ፦ እንግዲያው ስመኝ ራሷ ናታ! እንዴት እንደምትወራጭ አታዪም? ክንዷ መትቶት ይሆናል። ውይ፣ ደግሞ ጭራሽ ዘጋሽባት! ለጠማው ሰው ውሃ ይዘጋል?

ምንትዋብ፦ ምጡ እንዲህ የያዛት ከመቼ ጀምሮ ነው?

አትጠገብ፦ አንቺ ወደዚያችኛዋ ከሄድሽ ጥቂት ቆይቶ። ማርያም ደረሰችላት ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። «ምጧ ደካማ ነው» ስትዪ አልነበር? ይኸው ጎበዘ።

ምንትዋብ፦ ይለቃታል? መጣ ሄደት ይላል?

አትጠገብ፦ የምን መልቀቅ! አንዱ ሳይሸኝ ሌላው ይገባል። እንደ ሰርገኛ ነው የሚግተለተለው። ደህና ምጥ እንዲህ አይደለም እንዴ?

ምንትዋብ፦ አይደለም።

አትጠገብ፦ እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ ልጄ።

ምንትዋብ፦ ስድስቱንም በየመሐሉ እየተነፈሱ ነው የወለዱት። አሁን ዝም ይበሉ፣ የልጁን ልብ ላዳምጥ።

አትጠገብ፦ ምን ይላል?

ምንትዋብ፦ ቆይ!

አትጠገብ፦ ሲስተር፣ ፊትሽ ጠቆረ እኮ።

ምንትዋብ፦ ልቡ እየደከመ ነው። ምጡ ሲጨብጠው ይዝላል፤ ከዛለ በኋላም ቶሎ አያንሰራራም። እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አልቆጣም።

አትጠገብ፦ «አልቆጣም» ብሎ የሚጀምር ሰው ቀድሞ ተቆጥቷል።

ምንትዋብ፦ መዘውሯን የከፈቷት እርስዎ ነዎት?

አትጠገብ፦ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ምንትዋብ፦ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ለዶክተሩ ልደውል ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ያህል ገባላት? በምን ያህል ፍጥነት?» ብሎ ነው። ምን ልበለው? የጽዳቷ ሴትዮ መወልወያዋ ላይ ፍረድ ልበለው?

አትጠገብ፦ ያሻሽን በይው።

ምንትዋብ፦ አትጠገብ! ልጅሽ ናት!

አትጠገብ፦ አንቺ አልሽኝ? የእናትሽን እኩያ?

ምንትዋብ፦ አልኩሽ። ከፍተሻል ወይስ አልከፈትሽም?

አትጠገብ፦ … ከፈትኩ።

ምንትዋብ፦ መቼ?

አትጠገብ፦ ገና ጀርባሽን ስትሰጪን። ጠዋት ስታዞሪያት አይቼሽ ነበር። ወደ ላይ ስትገፊያት ይፈጥናል፣ ወደ ታች ስትጫኚያት ይዘገያል። በረጅሙ ለቀቅኩላት። ምን ላድርግ? ጠብታዋ እንደ ንፉግ እጅ ናት። አንዷን ጣል ታደርግና ታስባለች፣ ሌላዋን ጣል ታደርግና ታስባለች። ልጄ ጉልበት ከድቷት ዓይኗ ሲጎደጉድ፣ ምግቡ ከራስጌዋ ተንጠልጥሎ ቁጭ ብዬ ልየው?

ምንትዋብ፦ ምግቡ?

አትጠገብ፦ ግሉኮስ ምግብ አይደለም? የዚህች ታላቅ፣ ብርቄ፣ በምን የሞተችብኝ ይመስልሻል? ጉልበት አልቆባት ነው። ቤቴ ውስጥ፣ እዚህ ክንዴ ላይ። «እማ፣ ጉልበት አጣሁ» ትለኛለች፤ ማር በጥብጬ ባፏ ባደርግላት አልዋጥ አላት፣ በአገጯ ፈሰሰ። ያኔ እንዲህ በክንድ የሚገባ ነገር በኖረ ኖሮ እያልኩ ስንት ዘመን አልቅሻለሁ። ዛሬ አገኘሁትና ከፈትኩት። ምን አጠፋሁ?

ምንትዋብ፦ እማማ… የተሰቀለው ግሉኮስ ብቻ አልነበረም።

አትጠገብ፦ ሌላ ምን ነበረበት?

ምንትዋብ፦ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ጨምሬበታለሁ። የሽርት ውሃዋ ከትናንት ጀምሮ ፈሶ ምጡ እምቢ ስላለ፣ እንዲቀሰቅሰው ብዬ። በጠብታ የሚሰጠው በንፍገት አይደለም። ሲበዛ ማሕፀኑ ይጨመደድና አልለቅም ይላል። ልጁ ውስጥ ሆኖ አየር ያጥረዋል። ደጋግማ የወለደች ሴት ማሕፀን ደግሞ…

አትጠገብ፦ ደግሞ ምን? ጨርሺዋ!

ምንትዋብ፦ ተወጥሮ ተወጥሮ ይቀደዳል።

አትጠገብ፦ ግሉኮስ ነው ያልሽኝ።

ምንትዋብ፦ እኔ?

አትጠገብ፦ አንቺ! አጥሚቴን ይዤ ብመጣ በዚያ በር መለስሽኝ። «እማማ፣ ለኦፕሬሽን ብትፈለግ ሆዷ ባዶ መሆን አለበት፣ አይስጧት» አልሽኝ። እሺ አልኩ። «ታዲያ በምን ጉልበቷ ታምጥ?» ብልሽ ወደ ከረጢቱ አገጭሽን ቀስረሽ «ግሉኮሱ ይበቃታል» አልሽኝ። መድኃኒት የምትለዋን ቃል የት ላይ አወጣሻት?

ምንትዋብ፦ ስመኝ፣ በረጅሙ ተንፍሺ።

አትጠገብ፦ ተናገሪ እንጂ! ቅድም ምላስሽ ረጅም ነበር። ጎረቤታችን አጅሬ ታደለ ራሱን ስቶ ወድቆ፣ ግሉኮስ ሰጡትና በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ የማውቀው ግሉኮስ እሱ ነው። ሰው የሚያነሣ!

ምንትዋብ፦ ብያለሁ። እውነትዎን ነው። እዚህ ቤት የተሰቀለ ነገር ሁሉ ግሉኮስ ነው የሚባለው። እኛም እንላለን፣ አስታማሚም ይላል። አፌ ለምዶት…

አትጠገብ፦ አፍሽ ለምዶት!

ምንትዋብ፦ ብቻዬን ነኝ እማማ። ያችኛዋ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር፣ ጥያት ልመጣ አልቻልኩም። ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፣ «ይህችን እንዳይነኩ» ብዬ ላስጠነቅቅዎት ይገባኝ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ምኑን እንደምለቅመው እንጃ። እሱን በኋላ ይወቅሱኛል። አሁን ያግዙኝ። በግራ ጎኗ እናዙራት። ቀስ… እንዲያ። አይዞሽ ስመኝ፣ በአፍንጫሽ ሳቢ።

አትጠገብ፦ ዘግተሽዋል አይደል? ከተዘጋ ይተዋታል አይደል?

ምንትዋብ፦ ዘግቼ ነቅዬዋለሁ። የገባው ከደሟ እስኪወጣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ከሰጠን። ኦፕሬሽን ክፍሉን እንዲያዘጋጁ ልደውል።

አትጠገብ፦ ሆዷን ሊቀድዱት? ሦስቱን በሰላም የወለደች ልጅ! በገዛ እጄ ለቢላ ዳረግኳት?

ምንትዋብ፦ ልጁን ለማትረፍ ነው። እርሷንም።

አትጠገብ፦ የልጁ አባት በሩ ላይ ቆሟል። ምን ብዬ ልንገረው? «ላበላት ብዬ» ልበለው?

ምንትዋብ፦ አሁን ምንም አይበሉት። እጅዎን እዚህ ሆዷ ላይ ያድርጉ። ላላ ማለት ሲጀምር ይንገሩኝ።

አትጠገብ፦ እንደ ድንጋይ ደርቋል እኮ!

ምንትዋብ፦ አውቃለሁ። አያንሱ። … ሃሎ? ዶክተር፣ ምንትዋብ ነኝ፣ ከማዋለጃ። ቶሎ ይምጡ።

አትጠገብ፦ ማርያም፣ ማርያም! እመቤቴ፣ በሽልም አውጪልኝ። አንዷን ወስደሻል፣ አልተቀየምኩሽም። ይህችን ተዪልኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እርሷ ምን አደረገች?

ምንትዋብ፦ አዎ ዶክተር፣ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ከረጢት። … አይ፣ በእኔ ስህተት ነው፣ በእኔ። አራተኛ ልጇ ነው። የጽንሱ ልብ እየወረደ ነው።

አትጠገብ፦ ስመኝዬ፣ እጄን ጨብጪው። ስበሪው ከፈለግሽ፣ እኔ ልሰበርልሽ። ምን አልሽኝ ልጄ? ምን?

ምንትዋብ፦ እሺ ዶክተር፣ ደም እንዲያዘጋጁ እነግራለሁ።

አትጠገብ፦ ሲስተር!

ምንትዋብ፦ አንድ ጊዜ፣ እማማ።

አትጠገብ፦ ሲስተር፣ ስልኩን ተዪው! ለቀቃት!

ምንትዋብ፦ ምን አሉኝ?

አትጠገብ፦ ለቀቃት እልሻለሁ! ከእጄ ሥር ላላ አለ። ሰማችኝ እመቤቴ፣ ጥፋቴን አበሰችልኝ! ለዶክተርሽ ቢላውን ወደ ሰገባው ይመልስ በይው።

ምንትዋብ፦ እማማ፣ ቀስ በቀስ ነው የላላው?

አትጠገብ፦ ኧረ በአንድ አፍታ! «እማ፣ ውስጤ የሆነ ነገር ጧ አለ» አለችኝ፤ ከዚያ ይኸው፣ ምጥም የለ፣ ጩኸትም የለ፣ ልጄ ዐረፈች።