ለፈጣሪ አራት አይሰጥም

የአንድ ቤት ኑሮ መልካም መሆኑ በምን ይለካል? እፀገነት ይህንኑ ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት ተምራ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችን ኑሮ የሚመዝን መጠይቅ ይዛ ወደ ተወለደችበት መካነ ሰላም ብትመለስም መልሱን አላገኘችውም። የጠየቀቻቸው አሥራ አንድ ቤቶች በሙሉ ከአንድ እስከ አምስት ካለው ነጥብ ትልቁን፣ አምስትን መርጠዋል። እንቅልፍ ካጣች ዓመት ያለፋት እናት እንኳ ስለ ኑሮዋ ስትጠየቅ መልሷ "ተመስገን" ነው። በዚህ አገር ማማረር ነውር ነው።

አሥራ ሁለተኛውን ቤት ስትፈልግ ገበያው ዳር አንድ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ አስቁማ የወይዘሮ ሸዋረግን ቤት ጠየቀች። ቀና ሲሉ ፊደል ያስቆጠሯት መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ነበሩ።

"ሸዋረግ ባለቤቴ ናት። ምን ፈለግሽባት?"

የሸዋረግን ስም ያገኘችው ከጤና ጣቢያ መሆኑን ስትነግራቸው የመሪጌታ ፊት ተለወጠ። ባለቤታቸው ሳይነግሯቸው ልጃቸውን ማስመዝገባቸውን ያወቁት ገና አሁን ነው። ቢሆንም ያስተማሩትን ልጅ ከመንገድ መመለስ አልሆነላቸውም፤ ይዘዋት ገቡ።

ሸዋረግ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሏት። ከተዘጋው ጓዳ የዜማ ድምፅ ይሰማል። የአሥር ዓመቷ የኔአለም ናት፤ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፣ አባቷ ተማሪዎቻቸውን የሚያስጠኑትን ዜማ ግን ታንጎራጉራለች።

"የኔታ፣ ኑሮዎን ከአምስት ስንት ይሰጡታል?"

"አምስት በይ። ለፈጣሪ አራት ልስጠው እንዴ?"

እፀገነት አምስትን ልትጽፍ ብዕሯን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀች።

"ከእትዬ ሸዋረግ ጋር አብራችሁ ቤተ ክርስቲያን የሄዳችሁት መቼ ነው?"

መሪጌታን ቀድመው ሸዋረግ መለሱ። "የኔአለም ክርስትና የተነሳች ዕለት። እሳቸው አገልጋይ ናቸው፣ እኔ ከእሷ ጋር እቀራለሁ። ሁለታችንንም የሚያስወጣ ለቅሶ ሲመጣ በሩን ቆልፈንባት እንሄዳለን።"

መሪጌታ ተቆጡ። ሰው የአባት ኃጢአት ነው እንደሚል፣ ሌላውን የሚመክር ሰው መሳቂያ እንደሚሆን፣ ጠበሉንም አንድ ቀን እንዳላጓደሉባት ተናገሩ።

"ጠበሉን አያቋርጡ፣ የኔታ። ኦቲዝም ግን የማንም ኃጢአት አይደለም፤ አእምሮዋ በተፈጥሮው በሌላ መንገድ የሚሠራ ልጅ ናት። ምስጋናዎንም አልነካም። ፈጣሪ ያጎደለውን ሳይሆን እኛ ሰዎች ያጎደልነውን ነው የምጠይቅዎ። ጎረቤትዎ ማን ናት?"

"ፋጢማ። አሁን ምን ልበላት? አሥር ዓመት ሙሉ ልጅ ደብቄብሻለሁ ልበላት?"

"እሑድ ቅዳሴ የሌለባት እሷ ናት፤ ልጅቷን ብትይዝላችሁ ሁለታችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።"

ሸዋረግ የባላቸውን ፈቃድ ሳይጠብቁ ተነስተው በአጥሩ በኩል ተጣሩ። ፋጢማ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ገባች። መሪጌታ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነገሩ ገባት።

"አብሽሩ፣ መሪጌታ። ድምጿን ስንት ዓመት በግድግዳው ሰምቻለሁ። ከተማሪዎችዎ ሁሉ ዜማውን የማትስተው እሷ ናት። እንዳታፍሩ ብለን ነው ዝም ያልነው።"

"እናንተም ዝም፣ እኛም ዝም" አሉ መሪጌታ፣ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው። ከዚያ ወደ እፀገነት ዞሩ። "በይ ሁለት ብለሽ ጻፊ። ፈጣሪን አይደለም፤ እኔን ነው ሁለት ያልኩት።"

በማግስቱ እሑድ የኔአለም ከፋጢማ ጋር ዋለች። ባልና ሚስቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ ሰው ሁሉ ቆሞ አያቸው። ልጅቷ ዛሬም አትናገርም፤ ቤቱ ግን ሌላ ቤት ሆኗል። የጓዳው በር አይቆለፍም። ሸዋረግ ከሰዓት በኋላ ጋደም ይላሉ። ፋጢማም ወረኢሉ ገበያ ስትሄድ ልጆቿን ለእሳቸው ትታ ትሄዳለች። ድሮ ስለ ኃጢአት ይጨነቁ የነበሩት መሪጌታም ከቅዳሴ በኋላ ልጅ የደበቀ ወላጅ ካለ ደጁን እንዲከፍት ይመክራሉ፤ የሚያስተምሩት የራሳቸውን ቤት ምሳሌ አድርገው ነውና ሰው ይሰማቸዋል።

እፀገነት የዚያን እሑድ ማታ ባሕር ማዶ ላለው የጥናቱ ኃላፊ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "ቅጹ የለካው ምስጋናን እንጂ ኑሮን አይደለም። ሁለታችሁ አብራችሁ ከቤት የወጣችሁት መቼ ነው የሚል ጥያቄ እንጨምር። ወደ አሥራ አንዱ ቤቶች ልመለስ?"

መልእክቱ ደርሷል፤ ተነቧል። ሰኞ ጠዋት መልስ ሳትጠብቅ ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያውን ቤት በር ስታንኳኳ ስልኳ ዝም እንዳለ ነበር፤ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው።