ሳይጠይቁ ያጎረሱት ጉርሻ

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥም ከአጥሩ ውጭም የቆማችሁ ለቀስተኞች፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። መምህርት ዕፀገነት ኃይለመስቀል ረጅም ንግግር አይወዱም ነበርና ታሪካቸውን አናስረዝምም፤ አንዷን ክፉ ቀን ግን አንዘልም፤ እንዳትዘለል ያዘዙት እሳቸው ናቸውና።

መምህርት ዕፀገነት ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመስቀል አሰፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገላነሽ ዮሐንስ በ1957 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፖስታ ቤት ይሠሩ ስለነበር ከየአገሩ በሚመጡ ደብዳቤዎች ላይ ያሉትን ቴምብሮች ባለቤቶቹን እየለመኑ ያመጡላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሐረርን ዞረው ሳይጨርሱ የሩቅ አገሮችን ስም በቃላቸው ያዙ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ፈጽመው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በጨርጨር ገጠር ጥቂት ዓመታት ካስተማሩና ኦሮምኛውን አቀላጥፈው ከተመለሱ በኋላ፣ በግንቡ ከተማ በጀጎል፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የስፌት መኪና ከሚጠግኑት ከአቶ ሳሙኤል ደረጀ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ሄኖክንና ልደትን ወልደዋል።

ወደ ጡረታቸው ግድም የዓለም ዜግነት ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች እንዲያስተምሩ በተመደቡ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አገር ሰጥተው፣ የዚያን አገር ልጆች አበላል፣ አለባበስና ሰላምታ አጥንቶ እንዲመጣ ያደርጉ ነበር፤ በክፍላቸው እንደ ጃፓን ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት የማይችል ልጅ አልነበረም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገቡ። መምህርት ዕፀገነት ሁሉም ልጅ ከቤቱ ምግብ አምጥቶ በአንድ ገበታ እንዲበላ ሲያስቡ፣ በእኛ አገር ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በማዕድ የሚለየው ሥጋ ነውና፣ ሥጋ ከሌለበት ምን ችግር አለ ብለው የጾም ምግብ ብቻ እንዲመጣ አዘዙ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጾም ግዴታው አይደለም፤ የሙስሊሞቹም ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይመጡ ስለነበር ሌላ አልጠየቁም። ከጀጎል የምትመጣው ኢክራም ግን በሕይወቷ የመጀመሪያውን ጾም የያዘችው በዚያ ቀን ነበር፤ ይህንንም የነገረችው ለአያቷ ብቻ ነው። ከገበታው ራቅ ብላ ስትቀመጥ ያፈረች መስሏቸው ጠቅልለው አጎረሷት። የመምህር እጅ አይመለስምና ዋጠች። እሳቸውም እየሳቁ፣ አንድ ያጣላል ብለው ደገሙላት። ሁለተኛውንም ዋጠችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ ጠይቋት የተናገረው ከጎኗ የተቀመጠ ልጅ ነው።

ወሬው የጀጎል መግቢያ ከሆነው ከሸዋ በር ሲደርስ አንዲቷ ልጅ መላው ክፍል ሆነች፤ ሽሮውም ሥጋ ሆነ። ከቀትር በኋላ የተቆጣ ሰው በትምህርት ቤቱ በር ስለተሰበሰበ ርዕሰ መምህሩ መምህርት ዕፀገነትን በጓሮ አስወጥተው በባጃጅ ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። በማግስቱ ከክፍሉ ወንበሮች ግማሹ ባዶ ነበር። እሳቸውም ልጆቹ ዳግመኛ በአንድ ዴስክ ሳይቀመጡ እንዳይቀሩ ፈሩ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ልጅ የመምህር እጅ ባየች ቁጥር እየተሸማቀቀች እንዳታድግ ሰጉ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ እያሉም ቀኑን ሙሉ ተንገበገቡ።

ወደ ልጅቷ ቤት ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ሲሉ ከእኛም ወገን ያባሰ አልጠፋም። ሽማግሌ ይላክ እንጂ እሳቸው አይሂዱ ያለ ነበረ፤ ይቅርታ መጠየቅ ወገንን ማዋረድ ነው ብሎ ደጃቸው ላይ የቆመም ነበረ። አቶ ሳሙኤልማ ከፍርሃታቸው የተነሣ ጫማቸውን ደበቁባቸው፤ እሳቸውም በቤት ነጠላ ጫማ ወጡ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብቻቸውን በሸዋ በር ሲገቡ ጫት ሻጮቹን ጨምሮ የሚያውቋቸው ሁሉ ሰላምታ ነፈጓቸው፤ ወጣቶችም በጠባቡ መንገድ ከኋላ ከኋላቸው ተከተሏቸው። የነካቸው የለም፤ ያናገራቸውም የለም።

በሩን የከፈቱት የኢክራም አባት፣ ልብስ ሰፊው አቶ ሪድዋን፣ መግቢያውን ዘግተው ቆሙ። አያቷ ወይዘሮ ረውዳ ግን እንግዳ ደጅ አይቆምም ብለው አስገቧቸው። መምህርት ዕፀገነት የተቀመጡትን አዋቂዎች ሁሉ አልፈው በልጅቷ ፊት ተንበረከኩና፣ ሳይጠይቁ ጾሟን ያስፈቷት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጥፋቱም የእሷ እንዳልሆነ ነግረው ይቅርታ ለመኗት። አቶ ሪድዋን ፊታቸውን አዞሩ። ወይዘሮ ረውዳ፣ በፍርሃት የዋጠች ልጅ ወንጀል የለባትም፣ አላህ ልቧን ያውቃል ካሉ በኋላ የማፍጠሪያው አዛን ተሰማ። አሮጊቷ ከሳህኑ ተምር አነሡ፤ ከመዘርጋታቸው በፊት ግን፣ ለጾምሽ ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁ። መምህርት ዕፀገነት ይሆናል አሉ፤ ጎረሱም። ወይዘሮዋም አንድ ያጣላል ብለው ሲደግሙላቸው፣ አቶ ሪድዋን ሳይወዱ ሳቁ። ከቤት ወጥተው መንገድ ላይ የሚጠብቁትን ወጣቶች በትነው እስከ ሸዋ በር የሸኟቸውም አቶ ሪድዋን ናቸው።

ወንበሮቹ ቀስ በቀስ ሞሉ። ከዚያ ወዲህ መምህርት ዕፀገነት ስለ ጃፓን ከማስተማራቸው በፊት፣ እያንዳንዱ ልጅ ከጎኑ የተቀመጠውን ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚጾም እንዲጠይቅ ያደርጉ ነበር።

ባደረባቸው የጉሮሮ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሁለቱ ጾሞች እንደገና በአንድ ሰሞን በገቡበት በዚህ በየካቲት 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሕመሙ በጠናባቸው ጊዜ ውሃ በማንኪያ ካቀመሷቸው አንዷ ኢክራም ነበረች፤ እሷም ሳትጠይቃቸው ማንኪያውን አላነሣችም።

ባለቤታቸውን አቶ ሳሙኤልን፣ ልጆቻቸውን ሄኖክንና ልደትን፣ እንዲሁም በሐረር ቤት ሁሉ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። አንድ ኑዛዜም አላቸው፦ ከቀብር መልስ የሚቀርበው ንፍሮ ጿሚው ሳይጠየቅ እንዳይታደል። ጠይቀናል፤ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ጾም ናችሁ። ስለዚህ ንፍሮው ተከድኖ ይቆያል፤ ከድንኳኑ ማንም እንዳይሄድብን፤ አዛን ሲል አብረን እንቀምሳለን።

አምላካችን ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።