ጥቅምት ዘጠኝ የሄደችው መርከብ

ክቡራትና ክቡራን፣

ክቡራት የምላችሁ ወይዘሮ አበቡና ወይዘሮ እናኑ ናችሁ። ሁለት ብቻ ብትሆኑም ቅድሚያው የእናንተ ነው። ወይዘሮ አበቡ፣ ይህን ሁሉ ሰው ለማብላት ከትናንት ጀምሮ ከምድጃው እንዳልራቁ አውቃለሁ፤ እጅዎ አይድከም። ሾፌሮች፣ ይህን ካፖርት አዋጥታችሁ ገዝታችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እጅጌው ሁለት ጣት ያህል ረዝሟል። ይህን ሳልናገር ብቀር ታሟል ብላችሁ ትደነግጡ ነበር።

ስለ ሕመም ከተነሣ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብባችኋል። «አቶ ሐብተ ማርያም በጤና ምክንያት ሥራቸውን ይለቃሉ» ይላል። አልታመምሁም። ደክሞኛል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ለምን እንደምሄድ እኔው እነግራችኋለሁ።

ካፖው፣ ጣሊያኑ አለቃችን፣ ብርጭቆአቸውን ጨርሰው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄደዋል። አማርኛ አይሰሙም። ነገ ያስተረጉሙት ይሆናል። የሚተረጉምላቸው ሰው ከመካከላችሁ ካለ አልቀየመውም፤ ግን አደራ፣ በትክክል ይተርጉም። በዚህ ቤት የሰማሁት ትርጉም ጥርሴን ሲያፋጨኝ ኖሯል።

በወጣትነቴ ቤይሩት ድረስ ሄጄ ሒሳብ ተምሬአለሁ። እንደ እኔ ውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ለምን እንደሌሉ እዚህ ቤት ማብራራት አያስፈልግም። እኔ በዚያ የካቲት ከአዲስ አበባ ርቄ ጎንደር ስለነበርሁ ተረፍሁ። ተርፌስ ምን ሠራሁ? ጠረጴዛ ተሰጠኝ፤ ተቀመጥሁ። «ማኪና ያለው ሰው ከነማኪናው ባሕር እንዲሻገር እቅዱን ጻፍ» ተባልሁ፤ ጻፍሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ባለማኪናው የሚያውቀው ከጎንደር መነሣቱንና ከባሕሩ ማዶ መውረዱን ነው። የመካከሉ የእኛ ነበር። የማኪናዋ ክብደት ስንት ነው? ቁመቷስ? ሊማሊሞን በስንት ሰዓት ብትወርድ ጉም አያግዳትም? ተከዜን ተሻግራ የት ታድራለች? ምፅዋ ወደብ ስትገባ ቤንዚኗ ተንጠፍጥፎ፣ ባትሪዋ ተፈትቶ፣ መርከቧ ላይ አራቱም ጎማዋ በሰንሰለት ታስሮ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ በሁለት ወረቀት ይጻፋል። አንዱ በጣሊያንኛ ለካፖው፣ አንዱ በአማርኛ ለሾፌሩ።

አንድ የአዘዞ ሰው እቅዱን ሁሉ ካስነበበኝ በኋላ፣ «ሸጋ ነው። ግን ባሕሩ ላይ ማን ይነዳታል?» አለኝ። እናንተ አንድ ሳምንት ሳቃችሁበት። እኔ አልሳቅሁም። ጥያቄ ያስነሣ እቅድ ጎደሎ ነው ብዬ በሚቀጥለው ላይ «ማኪናዋ በባሕር ላይ አትነዳም» የሚል ጨመርሁበት። ያኔ ደግሞ በእኔ ሳቃችሁ። የሰማሁ አልመሰላችሁም።

አያ ይባረክ፣ የሰንሰለቱን መንጠቆ ከወለቃ እየሠራህ የምታመጣልኝ አንተ ነበርህ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ስምንት መንጠቆ ለነገ» ብዬ ላክሁብህ። ራስህ መጥተህ ምን አልኸኝ? «አያ ሐብተ ማርያም፣ መርከቡ ቅዳሜ ይሄድ ይሆናል። የእኔ መዶሻ አይሄድም።» ቅዳሜ ሰንበትህ መሆኑን እያወቅሁ ተቆጣሁ። እሑድ በማለዳ ስምንቱን ይዘህ መጣህ። አንዱን እንኳ አበላሽተህ ብመልስብህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሚመለስ አልነበረበትም።

እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ታውቁኛላችሁ።

አሁን ስለ በላቸው እናገራለሁ።

አያ በላቸውን ከእናንተ የማያውቅ የለም። በዚህ ቤት ከተቀጠሩት ሾፌሮች ሊማሊሞን መጀመሪያ የወረደው እሱ ነው። ምፅዋ ደርሶ ሲመለስ «ባሕሩን እንዴት አየኸው?» ስለው፣ «ጣና ይሻላል። ዳር የሌለው ነገር አልወድም» ያለኝ ሰው ነው። ግን ስምንት ማኪና ወስዶ ስምንቱንም ሳይጭር መርከብ ላይ አሳፍሯል።

አምና ከእቅዱ ሁለት ቀን ቀድሞ ምፅዋ ደረሰ። ማኪናዋ ወደቡ ላይ ፀሐይ ስትመታት ውላ ጎማ ፈነዳባት። ጠርቼ፣ «ቀድሞ መድረስም ስሕተት ነው። የተጻፈው ቀን ማለት የተጻፈው ቀን ነው» አልሁት።

«እሺ፣ አያ» አለ። እሺ ካለ እሺ ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ደንበኛችን እዚህ ከተማ ቆዳ የሚነግደው የየመን ሰው ነበር። አባቱ ሁደይዳ ላይ ታሟል። ሚስቱን፣ ልጆቹንና ማኪናውን ይዞ አገሩ ሊገባ ነው። የመርከቡ ቢሮ ቴሌግራም በጣሊያን ቀን «ኦቶብሬ ሃያ» ይላል። የጣሊያኑን ቀን ወደ እኛው የምመልስበትን ሠንጠረዤን አየሁ። ኦቶብሬ ሃያ፣ ጥቅምት አሥር። በአማርኛው ወረቀት ላይ «ጥቅምት 10 ጠዋት ምፅዋ ወደብ ይደርሳል፤ መርከቡ ከሰዓት በኋላ ይነሣል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፊርማዬን አኖርሁ።

በላቸው ጥቅምት ስምንት አስመራ ገባ። ነጋዴው «ዛሬውኑ እንውረድ» አለው። በላቸው ወረቀቱን አሳየው። «አይሆንም። ቀድሞ መድረስ የማይወዱ ሰው ናቸው። ልጆቹም ከምፅዋ ሐሩር ይልቅ እዚህ ብርዱ ላይ ቢያርፉ ይሻላል።» አንድ ቀን ሙሉ አስመራ ዋሉ። በአሥር ጠዋት ወረዱ። መርከቧ በዋዜማው ሄዳለች።

ነጋዴው ሌላ መርከብ እስኪመጣ ሃያ ስድስት ቀን ምፅዋ ላይ ተቀመጠ። ሁደይዳ ሲደርስ አባቱ ከተቀበሩ ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

ካፖው ጥፋተኛ ፈለጉ። ሁላችሁም በዚህ አዳራሽ ተሰብስባችሁ ነበር፤ እኔ እዚህ ቆሜ አስተረጉም ነበር። የወደቡ ጽሑፍ ማኪናዋ የገባችው ኦቶብሬ ሃያ አንድ፣ ቅዳሜ ነው ይላል።

«በስንት ቀን ደረስህ?» አልሁት።

«በአሥር።»

«ኦቶብሬ ሃያ አንድ ጥቅምት አሥራ አንድ ነው።»

«ምነው አያ፣ በአሥር ነው የደረስሁ። በወረቀትዎ ቀን።»

ሠንጠረዤን ከግድግዳው ላይ ነቅዬ አምጥቼ አሳየኋችሁ። አንዳችሁም አላያችሁትም፤ የእኔ ሠንጠረዥ ስለሆነ አመናችሁት። በላቸው በሥላሴ ማለ። እኔ ምን አልሁ? ታስታውሳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ አሁን መሬት መሬት እያያችሁ ነው፤ ቀና በሉ፤ ነውሩ የእናንተ አይደለም። «ይህ ሰው አስመራ ላይ ተኝቶ ውሎ በሥላሴ ስም የሚዋሽ ውሸታም ነው» አልሁ። በአማርኛ አልሁት፤ በጣሊያንኛም አልሁት።

ሦስት ወር ታሰረ። መንጃ ፈቃዱን ነጠቁት። ሲፈታ ደባርቅ ሄዶ በቀን ሠራተኝነት የመንገድ ጥገና ገባ። በእጁ መሪ ይዞ ይወርድበት የነበረውን መንገድ በአካፋ ይጠርግ ጀመር። እናንተም በማኪና ስታልፉ ፊታችሁን ታዞሩበት ነበር አሉ። እኔ አላልፍም ነበር፤ ቢሮዬ ነበርሁ።

በመጋቢት መጨረሻ ወይዘሮ እናኑ፣ የበላቸው ባለቤት፣ ቢሮዬ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅ። መርከቡ የሄደ ምን ቀን ነው?»

«ዓርብ።»

«የእኔ ሰው የደረሰ?»

«ቅዳሜ።»

«ጥቅምት ሚካኤል ሰኞ ነበር የዋለው። ዝክሬን ያበላሁ ሰኞ ነው፤ ጎረቤት ይመሰክራል። ሚካኤል በአሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት ሰኞ ከዋለ አሥር ምን ቀን ይውላል?»

በጣቷ አልቆጠረችም። እኔ ግን በጣቴ ቆጠርሁ። ሰኞ፣ እሑድ፣ ቅዳሜ። በላቸው በአሥር ደርሷል። ዓርብ ዘጠኝ ነበር። መርከቧ የሄደችው በጥቅምት ዘጠኝ ነው፤ እኔ አሥር ብዬ ጽፌአለሁ።

ስሕተቱ ምን ነበር? አምና ጳጉሜ ስድስት ነበረች። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋ አንዲት ቀን የእኛን አዲስ ዓመት በአንድ ቀን ትገፋዋለች፤ የፈረንጁም የካቲት ሃያ ዘጠኝ እስኪሆን ድረስ ሁለቱ አቆጣጠሮች አንድ ቀን ተዛንፈው ይሄዳሉ። ሠንጠረዡን የሠራሁት በ1930 ነው። ይህን ማንም ዲያቆን ያውቃል። እኔ አላሰብሁትም። በቢሮዬ በጣሊያን ቀን፣ በቤቴ በእኛ ቀን እኖር ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አላየኋቸውም።

ከዚህ የባሰ አለ። መስከረም ላይ ሠንጠረዤ ጥግ በእርሳስ ተጽፎበት አገኘሁ። «ዘንድሮ አንድ ቀን ይቀነስ።» ማን እንዳቆሸሸው ጠየቅሁ። በላጲስ አጠፋሁት። ጽሕፈቱ የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር፣ የበር ጠባቂያችን። እናኑ ከሄደች በኋላ ወርጄ ጠየቅኋቸው።

«ምነው በቃልዎ አልነገሩኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። በጳጉሜ። ‹ዘንድሮ ስድስት ናት› ብልዎት፣ ‹መሪጌታ፣ በሩን ይጠብቁ› አሉኝ። በሩን ጠበቅሁ።»

ለካፖው ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ሾፌሩ ንጹሕ ነው። አንብበው፣ «ፋይሉ ተዘግቷል። ከከፈትነው እኔም እጠየቃለሁ። አንተ አርጅተሃል፤ ታምሜአለሁ በልና በክብር ሂድ» አሉኝ። ሁለተኛውን ቅጂ አስመራ፣ መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ላክሁ። የምሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሮው መለሰልኝ፤ ፈቃዱም ተመለሰ። ባለፈው ሳምንት ለእናኑ ሰጥቻት ይዛለት ደባርቅ ሄደች።

መልሱን ይዛ መጣች። ቃል በቃል ልበለው። «ፈቃዴን የነጠቀኝ ቢሮው ነው፤ ቢሮው መልሷል። ስሜን የነጠቀኝ ሐብተ ማርያም ነው። በነጠቀበት ቤት፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ይመልስ።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ወንድሞቼ፣ እዚህ ቆሜ በላቸው ውሸታም ነው ብያችሁ ነበር። በላቸው አልዋሸም። በተጻፈለት ቀን፣ በተጻፈለት ሰዓት ደርሷል። የዋሸው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱን የጻፍሁ እኔ ነኝ። ዘጠነኛውንም ማኪና ሳይጭር አድርሷል። የሰውየው አባት ልጃቸውን ሳያዩ የሞቱት በእኔ ነው። ሁደይዳ ጽፌአለሁ፤ መልስ አልመጣም፤ አልጠብቅምም።

ወንድሜ ዳኛው፣ ጠረጴዛዬን የምትረከብ አንተ ነህ። ሠንጠረዤን አቃጥዬዋለሁ። አዲስ ስትሠራ ለመሪጌታ አሳያቸው። በር ጠባቂ ናቸው ብለህ አትፈር፤ እኔ እዚህ የደረስሁት በማፈሬ ነው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ሾፌሮች፣ ፍሬናችሁ አይክዳችሁ፤ ሊማሊሞ ጉሙን ይግለጥላችሁ፤ በአካፋ የሚጠርግ ሰው ስታዩ ፍጥነት ቀንሱና እጅ ንሡ። ይባረክ፣ ሰንበትህን የሚያከብርልህ አለቃ ይስጥህ። ወይዘሮ አበቡ፣ ለደስታ የሚያበስሉበት ቀን ይብዛልዎ። ወይዘሮ እናኑ፣ ለአንቺ የምለው ምርቃት አላገኘሁም፤ ሚካኤል ራሱ ይመርቅሽ። ባሕሩ በጦርነቱ ሊዘጋ ነው ይባላል። ይዘጋም ይከፈትም፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ በገዛ አገራችሁ ተነሥታችሁ፣ በገዛ አገራችሁ በሰላም የምትደርሱበት ዘመን ያምጣላችሁ። አሜን በሉ፤ ቀስ ብላችሁ።

መስኮቶቹ እንዲከፈቱ ያደረግሁት ለሙቀቱ አይደለም። በላቸው ዛሬ ከደባርቅ መጥቶ በር ላይ ከመሪጌታ ጋር ተቀምጧል። ካልሰማሁ አልገባም ብሏል፤ ሰምቷል። እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ሥር ልወድቅ ነው። ድንጋዩን የመረጡት መሪጌታ ናቸው። ከብዷል፤ ይቀየርልኝ አላልሁም።

አታጨብጭቡ። ተነሥ ብሎኝ አብረን ከገባን ከእናኑ አጠገብ ቦታ ልቀቁለት፤ መጀመሪያ ለእሱ ይቅረብለት። ካላለኝ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ብሉ። እኔን አትጠብቁ።