ከሱቅ የወጣችው ትንሽ ካሜራ

የምስክር ስም፦ ኦጉቺ ቺዙሩ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ "ሚያሳካ" በተባለ ያገለገሉ ካሜራዎች መሸጫ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሱዋ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡40 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ፖሊስ ኢማይ ኮጂ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ሲሆን፣ ትናንት ከምሠራበት ሱቅ ተሰረቀ ስለተባለው ካሜራ የማውቀውን አስረዳለሁ።

ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ አቶ ሃማ ዮሺካዙና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፉሚኤ ወደ ሱቁ ገቡ። የሐይቁ ጭጋግ መስኮቱ ድረስ ደርሶ ስለነበር ውጭው አይታይም። ሱቁ ራሱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መስሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

አቶ ሃማ የድሮ ካሜራቸው ስለከበዳቸው ቀለል ያለ እንደሚፈልጉ ገለጹ። እኔም ሌንሱ የሚቀያየር፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ በጣም ትንሽ ካሜራ አወጣሁላቸው። "ይሄማ የልጆች መጫወቻ ነው" አሉ። የሱቁ ባለቤት አቶ ሚያሳካም መጥተው ክርክር ተጀመረ። አቶ ሃማ ብርሃን ሲያንስ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ቁልፎቹም ለሽማግሌ ጣት አይመቹም ሲሉ፣ አቶ ሚያሳካ ደግሞ ትልቁ ካሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ያነሳል በማለት መለሱ። እኔም ትልቅ ሌንስ ከተገጠመለት ወደ ፊት እንደሚደፋና ትንሽነቱ ትርጉም እንደሚያጣ፣ በትንሽ ሌንስ ግን ኮት ኪስ እንደሚገባ አስረዳሁ።

ወይዘሮ ፉሚኤ እስከዚያ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሌንሶች ይመለከቱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በሌንስ ፋብሪካ መስታወት ሲያለሰልሱ የኖሩ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ካሜራውን አንስተው ሌንሱን ፈቱና መስታወቱን ብቻ ወደ መብራቱ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ባለቤታቸው "አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ፣ አስቀምጪው" አሏቸው። እሳቸውም "አርባ ዓመት ሙሉ የካሜራህን ቦርሳ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ክብደቱን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?" ብለው መለሱ። አቶ ሃማ ስቀው ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

በዚህ ጊዜ ቀስ ብዬ "እማማ፣ እዚህ መብራት ስር አይታወቅም፤ ወደ ውጭ ይዘውት ወጥተው ይሞክሩት" አልኳቸው። ሌንሱን መልሰው ገጠሙና ወጡ። መጀመሪያ እግራቸው፣ ቀጥሎ ግራጫ ኮታቸው ጭጋጉ ውስጥ ጠፋ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አቶ ሚያሳካ ካሜራው አለመኖሩን አዩ። ባለፈው ወር ሁለት ሌንሶች ተሰርቀውባቸው ስለነበር ወዲያው ለፖሊስ ደወሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ይውሰዱት ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ፣ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። አቶ ሃማ ፊታቸው አመድ መስሎ "ሚስቴ የሰው ዕቃ አትነካም" ሲሉም ዝም አልኩ።

ከአቶ ሃማ ጋር የሐይቁን ዳር ይዘን ስንፈልግ 5፡30 ሰዓት ላይ አገኘናቸው። ሐይቁ ዳር ለሕዝብ በተሠራው የፍል ውሃ እግር መንከሪያ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ሁለት ፖሊሶች ፊታቸው ቆመዋል። ወይዘሮ ፉሚኤ ግን ፎቶ ሊነሱ የመጡ መስሏቸው "ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ" ይሏቸው ነበር። ነጫጭ የውሃ ወፎች ከጭጋጉ እየወጡ መልሰው ይገቡበት ነበር።

ነገሩ ሲነገራቸው ካሜራውን በሁለት እጃቸው አስረከቡ። ተንበርክከው እግራቸውን አድርቀው ካልሲ ያጠለቁላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት ለአቶ ሚያሳካ እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሄደሽ ተናገሪ" አሉኝ። ወይዘሮ ፉሚኤ ካሜራውን ይዘው የወጡት በእኔ ፈቃድ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ዝምታ ነው።

በካሜራው ውስጥ አሥራ አራት ፎቶ ተገኝቷል። አሥራ ሦስቱ ጭጋግ ብቻ ናቸው። በመጨረሻው ላይ ሁለት ፖሊሶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። በስተግራ ያሉት ይህን ቃል የሚጽፉልኝ ፖሊስ ኢማይ ሲሆኑ፣ ፈገግ ብለዋል።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ከተናገርኩት የተጨመረም የጎደለም የለም፤ እውነት ስለመሆኑ ስሜ የተቀረጸበትን ማኅተም አሳርፌበታለሁ።

የምስክር ፊርማና ማኅተም፦ ኦጉቺ ቺዙሩ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኢማይ ኮጂ