የሁለት ዲግሪ ደም

(ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጀርባ ባለች የኪራይ ክፍል፣ ቀትር ላይ፤ ከገጠር የመጣው አያ ፈንታሁን በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ሽጉጡን ጉልበቱ ላይ አኑሯል፤ ተማሪው ስማቸው ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል።)

ፈንታሁን፦ መቼ ነው የምትመረቀው ብዬሃለሁ! የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው።

ስማቸው፦ ሽጉጡን ወደዚያ ያዙሩትና እነግርዎታለሁ።

ፈንታሁን፦ ሽጉጡ ምን አደረገህ? ገና ጥይት አልጎረሰም። መልስ!

ስማቸው፦ ለከርሞ።

ፈንታሁን፦ አምናም ለከርሞ ነው ያልከው! ካቻምና ሰው ልኬ ሳስጠይቅህም ለከርሞ አልክ። አብረውህ የገቡት ተመርቀው፣ አግብተው፣ ልጅ ስመዋል። አንተ እዚችው ጉረኖ ውስጥ ነህ። ሞኝህ መሰልኩህ?

ስማቸው፦ ትምህርቱ ሁለት ነው፣ አያ ፈንታሁን። ሁለት ዲግሪ በአንድ ላይ ነው የምማረው።

ፈንታሁን፦ ደሞ የምን ሁለት?

ስማቸው፦ አንዱ የላቀ ሳይንስ ይባላል፤ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ጠለቅ ተደርጎ ነው። ሌላው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። አንዱን ጨረስኩ ስል ሌላው ይጎትተኛል።

ፈንታሁን፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! አንዱን ይዘህ አትወጣም ነበር? ወንድሜ አለምነህ አንድ ብቻ ነበረው፤ አንዷም አገር ያወቃት ነበረች።

ስማቸው፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?

ፈንታሁን፦ አንተ የተንጠለጠልከው በኔ ዕድሜ ላይ ነው! ይኸው እየው ይሄን መሐረብ። ደም ነው የምተፋ። ሐኪሙ ክረምቱን መሻገርህን እንጃ ብሎኛል። የወንድሜን ደም ሳልመልስ ብሞት እናቴ ሬሳዬ ላይ ምን ብላ ታልቅስ?

ስማቸው፦ የኔ እናትስ?

ፈንታሁን፦ ያንተ እናት ውባለምን ስትወልድ ታስብበት ነበር።

ስማቸው፦ ውባለም ሞቷል። ወንድሜ የሠራውን ሠርቶ፣ ተፈርዶበት፣ እስር ቤት ሞቷል።

ፈንታሁን፦ በአልጋው ላይ! በተስቦ! ሹልክ ብሎ አመለጠን እንጂ ሞተ ይባላል? አለምነህ በአልጋው ላይ ነው የሞተ? በተመረቀ ሳምንት ነው። ለእናቱ ሊያሳያት ጋውኑን እንደለበሰ ወደ ማሳው ወረደ። ወንድምህ በድንበር አሳቦ ከኋላው መጥቶ አናቱን በምሳር አለው። ወድቆም ደገመው። አንዴ ቢሆን ንዴት ነው እል ነበር። ጋውኑ ጥቁር ስለነበር ደሙ አልታየኝም፤ ላነሳው እጄን ስሰድ ነው እስከ ክርኔ የራስኩ።

ስማቸው፦ አውቃለሁ። እኔም ከአጥሩ ሥር ሆኜ አይቻለሁ። አሁንም በህልሜ የምሳሩ ድምፅ ይመጣብኛል።

ፈንታሁን፦ ካወቅህ ተመረቅ!

ስማቸው፦ እንዲህ ከቸኮሉ ለምን አሁኑኑ አይገድሉኝም?

ፈንታሁን፦ ኧረ ተው! አንተ የኛ አገር ሰው አይደለህም? ደም በአቻ ነው የሚመለስ። አለምነህ ለቀዬው የመጀመሪያው ባለ ዲግሪ ነበር። በሱ ፋንታ ማንን ልጣል? ታናሽህን ገረመውን? ያንን ከበሬ ሌላ የማያውቅ? ፈንታሁን በሰንጋ ፋንታ ጥጃ አረደ እንዲሉኝ ነው? ላንተ ስል ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁ። ትምህርት ቤት ስትሄድ የአጎቴ ልጆች ጥሻ ውስጥ ሲያደፍጡብህ ማን ነው የከለከላቸው?

ስማቸው፦ እርስዎ ነዎት።

ፈንታሁን፦ ወንዙ ሞልቶ ሲወስድህስ?

ስማቸው፦ እርስዎው ነዎት ያወጡኝ። እናቴ በአንድ አፏ ትረግምዎታለች፣ በአንድ አፏ ዕድሜ ይስጠው ትላለች።

ፈንታሁን፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያንን ውጤት ስታመጣ ጠላ ያስጠመቅሁ እኔ ነኝ! ዘመዶቼ አበድክ ወይ አሉኝ። ደርሶልናል፣ ጠጡ አልኳቸው። ታዲያ አንተ ምን አደረግኸኝ? ዓመት ቆጥረህ ዓመት ትጨምርብኛለህ።

ስማቸው፦ እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎ። ሁለቱን የያዝኩት አውቄ ነው።

ፈንታሁን፦ አውቄ ማለት?

ስማቸው፦ መጀመሪያ አንዱ ብቻ ነበር። ሊያልቅ ሲል እንቅልፍ አጣሁ። ሰው መመረቂያውን ሲናፍቅ እኔ መሞቻዬ ነው ብዬ ፈራሁት። ያኔ ሌላውን ደረብኩበት። እሱም አልበቃ ሲለኝ፣ ፈተናው ላይ መልሱን እያወቅሁት ባዶ ወረቀት ሰጥቼ ወጣሁ። መምህሮቼ ይህን ልጅ ምን ነካው ይላሉ።

ፈንታሁን፦ አውቀህ ወደቅህ?

ስማቸው፦ አዎ።

ፈንታሁን፦ ና ወዲህ። ቀረብ በል። እንካ! እንካ ይሄንንም!

ስማቸው፦ ወይኔ... ጥርሴን! በሽጉጥ ሰደፍ ይመታል እንዴ ሰው?

ፈንታሁን፦ ገና ነው! አለምነህ እኮ በኩራዝ አጥንቶ ነው ዓይኑን ያጠፋ! አንዲት ነጥብ ቀረችብኝ ብሎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፣ ያንን የሚያህል ወንድ! አንተ እያወቅኸው ባዶ ወረቀት ትሰጣለህ? ወንድምህ ሰውየውን ገደለ፤ አንተ ደግሞ ትምህርቱን ተሳለቅህበት። ደሙን ጥረግ። ያውልህ ፎጣው።

ስማቸው፦ ሊገድሉኝ መጥተው ደሜን ጥረግ ይሉኛል?

ፈንታሁን፦ ጥረግ አልኩህ! ሸሚዝህን ነካው።

ስማቸው፦ እሺ። ከእንግዲህ ግን አልሸሽም፤ መሸሹ ራሱ ገደለኝ። ለከርሞ ያልኩዎት ውሸት ነው። ባለፈው ሳምንት የሁለቱንም የመጨረሻ ጥናት አቅርቤ አልፌያለሁ። የቀረኝ ጋውን መልበስ ነው። ውጤቱ ይኸው ላፕቶፑ ላይ አለ፤ ያንብቡት።

ፈንታሁን፦ አልፌያለሁ? ሁለቱንም?

ስማቸው፦ ሁለቱንም፣ በከፍተኛ ነጥብ።

ፈንታሁን፦ እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔ እኮ ይሄ ልጅ አያሳፍረኝም ብዬ ነበር። ተመስገን አምላኬ... በል እንግዲህ ተነስና ግድግዳውን ይዘህ ቁም።

ስማቸው፦ አጎረሱት?

ፈንታሁን፦ ቃ ሲል አልሰማህም? አቡነ ዘበሰማያት በል። እጠብቅሃለሁ፤ አላጣድፍህም።

ስማቸው፦ እላለሁ። በፊት ግን አንድ ሒሳብ ያስረዱኝ። አለምነህ አንድ ዲግሪ ነበረው። እኔ ሁለት አለኝ። እኔን ሲጥሉኝ አንዱ ለአለምነህ ሄደ እንበል። የተረፈውስ በማን ይመለሳል?

ፈንታሁን፦ የምን የተረፈ ነው?

ስማቸው፦ በራስዎ የአቻ ሕግ ነው የማወራዎ። ጥጃ በሰንጋ ፋንታ ካነሰ፣ ሁለት ሰንጋ በአንድ ሰንጋ ይበዛል። ገረመው ከበሬ ሌላ ባያውቅም መቁጠር አያቅተውም። አንድ ቀረን ይላል። ከእርስዎ ቤት ባለ ዲግሪ ይፈልጋል።

ፈንታሁን፦ ከኔ ቤት ባለ ዲግሪ የለም።

ስማቸው፦ የሻረግስ?

ፈንታሁን፦ የልጄን ስም በዚያ አፍህ አታንሳ! አናትህን ነው የምበትነው!

ስማቸው፦ እዚሁ ግቢ አንደኛ ዓመት ናት። በየቀኑ ቤተ መጻሕፍት አያታለሁ፤ ከሁሉ ቀድማ ትገባለች። ከተማ ከአክስቷ ዘንድ ስላደገች የማን ወንድም እንደሆንኩ አታውቅም። ሒሳብ ሲከብዳት መጥታ ትጠይቀኛለች። ጋሼ ነው የምትለኝ።

ፈንታሁን፦ ሴት ናት። ሴት በደም አትገባም። ጥንትም ገብታ አታውቅ።

ስማቸው፦ ጥንት ሴት ዲግሪ ነበራት?

ፈንታሁን፦ ገና ምንም አልጨበጠችም እኮ! ገና እንቦቀቅላ ናት!

ስማቸው፦ እኔም ነበርኩ። እርስዎ እኔን እንደጠበቁኝ ወገኖቼም ይጠብቋታል። ብትታመም ያስታምሟታል፣ ብታልፍ ደስ ይላቸዋል። ስትመረቅ ነው የሚመጡት።

ፈንታሁን፦ ዛሬውኑ ተመልሼ ገረመውን እደፋዋለሁ!

ስማቸው፦ ከዚያስ? አጎቶቼን ይደፋሉ? የገረመውን ልጆች በአልጋቸው ያርዳሉ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይሄንን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? እኔ በሕይወት ካለሁ ገረመው ይሰማኛል፤ ቃሌን አይሽርም። ሬሳ ሆኜ ግን ማንን ልከለክል?

ፈንታሁን፦ ታስፈራራኛለህ፣ አንተ የውሻ ልጅ!

ስማቸው፦ እኔም ፈርቻለሁ። ለራሴም ነው፣ ለሷም ነው።

ፈንታሁን፦ እንግዲያው ትምህርቱ ገደል ይግባ! አስወጣታለሁ። ቤቷ ትቀመጥ፣ ባል ታግባ። ዲግሪ የሌላት ለማንም አቻ አይደለችም። አለቀ።

ስማቸው፦ ጥሩ። ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ነው። ይደውሉና ተይው ይበሏት። ከዚያ ይተኩሱ፤ እኔ ከዚህ ግድግዳ አልንቀሳቀስም።

ፈንታሁን፦ የምፈራ መሰለህ? እደውላለሁ! ... ሄሎ! የሻረግ! ... አለሁ ልጄ፣ ደህና ነኝ። ... ሳሉማ ተሽሎኛል። ስሚኝማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የደወልኩ። ... ኧረ ቆይ፣ እኔ ላስቀድም። ... ምን? ... ማን ፈቀደልሽ? ... የምን ሁለት? ... ሳይንሱንም ኮምፒውተሩንም? ... ባንድ ላይ? ... አንዱ አይበቃሽም ወይ ልጄ? ... ጋሼ ነው ያለሽ? ... አይ፣ አልተቆጣሁም። ... አላለቀስኩም አልኩሽ እኮ፣ ሳል ነው! ... እ? ... ምን ልልሽ ነበር? ጠፋብኝ። ... በርቺ። ምሳሽን ብይ። ... እሺ፣ እሺ የኔ እናት።

ስማቸው፦ አልነገሯትም።

ፈንታሁን፦ አፍህን ዝጋ። አንተ ነህ ሁለቱን ያዢ ያልካት?

ስማቸው፦ ራሷ መጥታ እችለው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ትችያለሽ አልኳት። ስለምትችል ነው።

ፈንታሁን፦ አቻህ አደረግሃት! እያወቅህ አቻህ አደረግሃት!

ስማቸው፦ አቻዬ ያደረጋት ጭንቅላቷ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ባዶ ወረቀት ስጪ ልበላት?

ፈንታሁን፦ ሳቋን ብትሰማው... ልክ እንደ አለምነህ ነው የምትስቅ። የማርያም ያለህ! አንተን ብጥልህ በሷ ደረት ነው የተኮስኩት። ይሄን ሁሉ ዘመን ደም ደም ስል ኖሬ፣ በመጨረሻ የገዛ ልጄን መቃብር ስቆፍር ነበር እንዴ?

ስማቸው፦ አያ ፈንታሁን...

ፈንታሁን፦ ስማ። ለገረመው ደውል። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ እናቴ ደጅ ይውደቅ። እኔ ቆሜ ሳለሁ ይምጣ፣ ከሞትኩ የአጎቴ ልጆች አይሰሙትም። ደሙ ይድረቅ።

ስማቸው፦ እግርዎን ልሳም...

ፈንታሁን፦ አትጠጋኝ! በሩን ክፈትና ቶሎ ውጣልኝ፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ጣቴ ገና አልሰማም።