አገርነሽ ያልሠራችው ጎሜ

ጥር 18 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው የሙዝ ማሳ አጠገብ በእህቴ ቤት ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፦ እህቴ አገርነሽ፣ ደጋ ካለው የትውልድ ቀያችን ከገረሴ የመጡት አጎታችን አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ሙዝ ልትገዛ ጎራ ያለችው ነርስ ሻሺቱ፣ እና እኔ ክብሩ።

አገርነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። እንዲህ ከሆነች ሁለት ወር አልፏታል።

«ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ልጅ ተመልከቻት» አሉ አጎቴ። «ማን ሞተባት? ሙዙ አፍርቷል፤ ባሏ ሠርቶ ያመጣል፤ ልጇ ጤነኛ ነው። ጎሜ ደብቃለች! ነገ ገረሴ ወስጃት ሽማግሌ ፊት ትናዘዛለች።»

በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ጎሜ ማለት ነውርም፣ ነውሩ በሠሪው ላይ የሚያመጣው ጣጣም ነው። የሚነሳበትን ኑዛዜ አልጠላም፤ በዳይና ተበዳይ ይታረቁበታል። ያላጠፋን ሰው «ተናዘዝ» ማለት ግን ያንገበግበኛል።

«አምና አባቷ ሲሞቱስ እንዴት ነበረች?» አለች ሻሺቱ።

«አለቀሰች እንጂ! ደረቷን ደቃች።»

«ትበላ፣ ትስቅ ነበር?»

«ኧረ ትበላለች! ጎረቤታችን ሸዋንዳኝ ሲቀልድ ከሁላችን በላይ የሳቀች እሷ ናት።»

«ሐዘን እንዲያ ነው፣ አባባ። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሃል ሰው ይስቃል። አሁን ልጇ ሲስቅላት ትስቃለች?»

«አትስቅም፤ አታለቅስም። ሌሊቱን አፍጥጣ ታነጋዋለች። ስንፍና ይባላል ይሄ!»

«ሰነፍ ሰው እንቅልፍ ያጣል እንዴ?»

አጎቴ ተቆጡ። «አንቺ መርፌሽን ውጊ! ያገራችንን ነገር ለእኛ ተዪው። ራሷ አምናለች እኮ! ንገሪያት፣ አገርነሽ!»

እህቴ ዞር እንኳ ሳትል፣ «ገረሴ ያለውን የድንበር ድንጋይ ገፍቻለሁ። ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው። ባልኖር ይሻላችኋል» አለች።

እኔ ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

«አጎቴ፣ ያንን ድንጋይ የተከለው ማን ነው?»

«እኔና አባታችሁ ነን።»

«አሁን ከገረሴ ሲመጡ አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ከቦታው ተነቃንቋል?»

አጎቴ ቀስ ብለው፣ «አልተነቃነቀም» አሉ። «ታዲያ ይቺ ልጅ ያላደረገችውን ለምን አደረግሁ ትላለች?»

«ሕመሙ ነው እንዲህ የሚያሰኛት» አለች ሻሺቱ። «ድባቴ ይባላል። ምንም ያላጠፋውን ሰው ‹ጥፋተኛ ነህ› ይለዋል። ሰው ሳይሞትም ይመጣል። ሽማግሌ ፊት ብታናዝዟት፣ ሕመሙ የሚላትን እናንተም አጸናችሁላት ማለት ነው።» ወደ እህቴ ጎንበስ አለች። «አገርነሽ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?»

«አዎ።»

«ይህን የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

ሁለት ወር ሙሉ «ተነሺ» እያልናት «ምን አመመሽ?» ያላት አልነበረም። እኔም አለሁበት። ወባ ይዟት ቢሆን በማግስቱ ጤና ጣቢያ እናደርሳት ነበር! ሕመሙን በስሙ ብናውቀው ኖሮ በሽተኛዋ ከስድብ ትድን ነበር፤ እኛም ሞትን እስክትመኝ ድረስ አንቀመጥም ነበር።

አጎቴ ጋቢያቸውን አውልቀው አገርነሽን አለበሷት። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

ያንኑ ዕለት በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት፤ መድኃኒትና የምክር ቀጠሮ ተሰጣት። በማግስቱ አጎቴ ብቻቸውን ገረሴ ወጥተው ለሽማግሌዎቹ፣ «ልጄ ታማለች፤ የምትናዘዘው የላትም» አሏቸው። አገርነሽ በስድስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛች።