የላይኛዋ እናትህ

ደባርቅ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ ውባለም ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ተራራ አስጎብኚው ልጇ ገበያው ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ፊቷ ቆሟል።

ውባለም፦ እስቲ ድገመው። እኔ ያንተ ምንህ ነኝ የምለው?

ገበያው፦ አክስቴ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ እማ።

ውባለም፦ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ አክስት!

ገበያው፦ አንቺ ምንም አትናገሪም። ለእንግዶቹ የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ ምግቡን ብቻ ታቀርቢያለሽ።

ውባለም፦ አንተ በእንግሊዝኛ ትዋሻለህ፣ እኔ በአማርኛ ዝም እላለሁ። ጥሩ ተከፋፍለናል። ግን ለምን አክስት ሆንኩ? እናትህ የት ሄደች?

ገበያው፦ እናቴማ...

ውባለም፦ ጠየቅኩህ እኮ።

ገበያው፦ ላይ ናት። ተራራው ላይ። ማለቴ፣ እንግዶቹ የሚያውቁት እንደዚያ ነው።

ውባለም፦ ምስሩን አስደፋኸኝ! ላይ ያለችው ማን ናት?

ገበያው፦ እማማ ባንቺአምላክ ይባላሉ። በጉዟችን መሀል ምሳ የምናበላው እሳቸው ቤት ነው። አምና የመጣችው ፈረንጅ "ቤቱ የማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እማማ በዚያው ሰዓት አንገቴን አቅፈው በቅቤ የታሸ በሶ ያጎርሱኝ ነበር። "የእናቴ ነው" አልኳት። አፌ ላይ መጣ።

ውባለም፦ አፍህ ላይማ በሶ ነበር። ውሸቱ በየት በኩል አለፈ?

ገበያው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ለጓደኞቿ አወራች። እነሱም መጡና "እናትህ ቤት ውሰደን" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ...

ውባለም፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲሉ ነበር የማውቀው። ያንተ ስንቅ እያደር ይከብዳል።

ገበያው፦ ቅዳሜ የምትመጣው ያቺው የአምናዋ ፈረንጅ ራሷ ናት፤ ባሏንና ልጇን ይዛ። ብዙ ጉዞ ቀርቦላት ነበር፣ እማ። ጭላዳ ዝንጀሮ አሳይቶ በዚያው የሚመልስ አለ። ራስ ዳሸን ጫፍ አውጥቶ የቆርቆሮ ዓሣ የሚያበላ አለ። እሷ እኔን የመረጠችው ተራራውንም፣ የሰዉን አኗኗርም፣ ያገሩን ምግብም አንድ ላይ ስለማሳይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእናቴ ቤት ብላ።

ውባለም፦ የእናትህ ቤትማ ይኸው፣ ደጁ ላይ ቆመሃል። ምን ጎደለው?

ገበያው፦ ምንም።

ውባለም፦ ተናገር እንጂ! በሶ የለኝም? ገብስ መቁላት አልችልም? ጠላዬን ሰው ከታች ሰፈር ድረስ መጥቶ አይደል የሚጠጣው?

ገበያው፦ ቤትሽ... ፍሪጅ አለው።

ውባለም፦ ምን አለው?

ገበያው፦ ፍሪጅ። ፕላስቲክ ወንበርም አለው። ፈረንጅ ፍሪጅ ሊያይ ተራራ አይወጣም። የሣር ክዳንና የጭቃ መደብ ነው የሚፈልጉት።

ውባለም፦ ፍሪጁን ማን ገዛው?

ገበያው፦ እኔ።

ውባለም፦ በምን ገንዘብ?

ገበያው፦ እንግዶቹ በሰጡኝ ጉርሻ።

ውባለም፦ እንግዲህ ፍሪጅ ሰጥተኸኝ እናትነቴን ወሰድክ። ምነው ሳትገዛው በቀረህ! ውሃዬን እንስራው ያቀዘቅዝልኝ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኼ ነው፤ እናት እያለህ እናት ተበደርክ።

ገበያው፦ አውቃለሁ። ከመንገድ ስገባ "ልጄ ይባረክ" እያልሽ ከፍሪጁ ውሃ ስትቀጂልኝ አፍሬ አልጠጣውም። ጥርሴን ያመኛል እያልኩ የምተወው ለዚህ ነው።

ውባለም፦ እኔ ደግሞ ለጥርስህ ቅርንፉድ ስፈልግ ከረምኩ! ለመሆኑ የላይኛዋ ሴትዮ ልጇ መሆንህን ታውቃለች?

ገበያው፦ ነገርኳቸው። እንግዶቹ ፊት ግር እንዳይላቸው ብዬ። ይስቃሉ ብዬ ነበር።

ውባለም፦ አልሳቀችም?

ገበያው፦ "እስቲ ድገምልኝ" አሉኝ። ልጅ አልወለዱም፣ እማ።

ውባለም፦ አንድም? ከዚያስ?

ገበያው፦ ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ልጄ መጣ! ልጄ መጣ!" እያሉ ጎረቤት ይጣራሉ። ማር ደብቀው ያቆዩልኛል። ለእንግዶቹ አይሰጡም፤ ለእኔ ብቻ ነው።

ውባለም፦ ይጣፍጣል ማሩ?

ገበያው፦ እማ!

ውባለም፦ መጠየቄ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ለምን እሷው አታስተናግድም? ማሩ አለቀ?

ገበያው፦ ታመዋል። ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ወድቀው እግራቸው ተጎድቷል። መነሣት አይችሉም አሉ።

ውባለም፦ ማን ነው "አሉ" የሚለው?

ገበያው፦ ሙጨ፣ በቅሎ ጫኙ። እሑድ ሲወርድ ነገረኝ።

ውባለም፦ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ገበያው።

ገበያው፦ ሌላ ቤት አግኝቻለሁ፤ የሣር ክዳን ነው፣ ጥሩ ነው። አንቺ እዚያ ሆነሽ ታስተናግጃለሽ። እኔ ደግሞ "እናቴ ገዳም ልትሳለም ሄዳለች፣ ይህች አክስቴ ናት" እላቸዋለሁ።

ውባለም፦ መራመድ ያቃታትን ሴት ገዳም ሰደድካት! እሺ፣ ሄደህ አየሃት?

ገበያው፦ ሥራ በዝቶብኝ...

ውባለም፦ ቀና በልና ንገረኝ።

ገበያው፦ አልሄድኩም።

ውባለም፦ መንገዱ ጠፋህ? አንተ አይደለህ ለፈረንጅ መንገድ የምታሳየው?

ገበያው፦ ፈራሁ፣ እማ። "ልጄ መጣ" ብለው ቢጣሩስ? እንግዳ ሳላስከትል እዚያ ቤት ሄጄ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። እንግዳ ከሌለ ምን ብዬ እገባለሁ?

ውባለም፦ ውሃ ማን ያቀብላታል?

ገበያው፦ ጎረቤት ይመስለኛል።

ውባለም፦ ይመስለኛል! እኔም ብወድቅ "ጎረቤት ይመስለኛል" ነው የምትለው?

ገበያው፦ አንቺማ እናቴ ነሽ።

ውባለም፦ ጎሽ፣ ዛሬ ገና ትዝ አልኩህ። በል ያንን ጋቢ አውርድልኝ። ቅቤውንም አውጣ፤ ከዚያው ከምታፍርበት ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ገበያው፦ ልትመጪልኝ ነው? አክስት ልትሆኚ?

ውባለም፦ ምን አክስት አለ! ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና አይጠፋም፤ መንገዱ እስከሚያልቅ እንሳፈራለን፣ የቀረውን በእግራችን። ሙጨን ጥራው፣ በቅሎውን ይዞ ይከተለን።

ገበያው፦ በቅሎው ለምን?

ውባለም፦ ነገ ጤና ጣቢያ ልናወርዳት ነዋ! በቅሎው የማይረግጠው ቦታ ሲደርስ አንተ ታዝላታለህ። የፈረንጅ ሻንጣ ስታዝል የኖርክ ትከሻ ነው፣ አይከብደውም።

ገበያው፦ ከወረዱ በኋላስ? ማን ቤት ያርፋሉ?

ውባለም፦ እዚህ። የእኔ አልጋ ላይ።

ገበያው፦ እንግዶቹስ?

ውባለም፦ እነሱም እዚሁ ይምጡ። ባህል ልናይ ነው አይደል ያሉህ? በሽተኛ መጠየቅም ባህል ነው፤ ያውም ሣር ክዳን የማይፈልግ። በሶውን እኔ አሽላቸዋለሁ፣ ፕላስቲኩ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ፍሪጁ ካሳፈረህ ነጠላ አልብሰው።

ገበያው፦ እንግዲያው እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ መኖር ሰልችቶኛል። "ያቺ አይደለችም፣ እናቴ ይህች ናት" እላቸዋለሁ።

ውባለም፦ እሷ አልጋ ላይ ተኝታ እየሰማች?

ገበያው፦ እንግሊዝኛ አይሰሙም።

ውባለም፦ ጣትህን ወደ እኔ ስትቀስር ግን ታያለች። አታደርገውም! ያንተን ልብ ለማሳረፍ የእሷን ልትሰብር ነው? "እስቲ ድገምልኝ" ላለች ሴት ልጅ ሰጥተህ አትነጥቅም። ማሩን በልተሃል፤ ስሙን ከወሰድክ ሸክሙንም ውሰድ። ከእንግዲህ እንግዳ ኖረ አልኖረ ትሄዳለህ።

ገበያው፦ እሺ። እሄዳለሁ።

ውባለም፦ ጋቢውን አምጣ ብዬህ ነበር።

ገበያው፦ ይኸው። እማ... ፈረንጇ ግን ትጠይቃለች። ገና ስትገባ አንቺን አይታ "ይህችስ ማን ናት?" ማለቷ አይቀርም። ምን ልበላት?

ውባለም፦ "እናቴን የምታስታምምልኝ ሴት ናት" በላት። እሱ እንኳ ውሸት አይሆንም።